ቀለሜ ዝም ያለችበት ሳምንት

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ሚጣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ ስሙን ለማታውቀው አንድ ልጅ የሦስት ማዕዘን ስፋት እንዴት እንደሚሰላ በስልኳ እየጻፈችለት ነበር። «ጋደል ያለውን ጎን እንዳትለካ። ቁመት የሚባለው ከጫፉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ መሠረቱ የሚወርደው ነው» የሚለውን ሳትጨርስ ስልኩ ጠራ። ወንድሟ ነበር። መልስ ዘገየ ብሎ ሊነዘንዛት መስሏት ጥሪውን ዘጋችው። ጽሑፉን ጨርሳ ላከች። ወዲያው ደግሞ ጠራ።

«እሺ፣ ልኬለታለሁ እኮ» አለች አንሥታ።

 ከወንድሟ በስተኋላ የሆስፒታሉ ኮሪደር ይሰማል፤ የሚገፋ አልጋ ጎማው ይንጫጫል፣ የሆነ ሰው ካርድ ቁጥር ይጠራል።

«ሚጣ» አለ።  «ሚጣ፣ በቃ።»

እናታቸው ሆስፒታል ከገባች ሁለት ሳምንት ሆኗት ስለነበር፣ ምኑ እንዳበቃ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሚጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ትንሽ ቆይቶ ነዘረ። ልጁ ነበር። «ገባኝ! አመሰግናለሁ ቀለሜ» ይላል።

ቀለሜ ማሽን ናት። ቢያንስ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። የሒሳብ ጥያቄ ያቃተው ተማሪ ጥያቄውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እያብራራች መልሱን ትልካለች። ሐሳቡ የወንድሟ ነው። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪ ሲሆን፣ የራሱን ድርጅት የመሠረተው ገና ፊርማው ሳይበስል ነው። አፑን የሠራው ጓደኛው ኬብል ይባላል። ኬብል የተባለው ቀጭን ስለሆነና ከኪሱ ሁልጊዜ አንድ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው።

የኬብል ፕሮግራም ፎቶ በማንበብ አይታማም። የተጨማደደ ደብተር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ እንኳ ያነባል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። አንዱን ጥያቄ በትክክል ሠርቶ ያስደንቅና፣ ቀጥሎ ላለው የአንዲት ከረጢት ብርቱካን ክብደት ስልክ ቁጥር የሚመስል አኃዝ ያወጣል።

«ለጊዜው ነው» አላት ወንድሟ፣ የዛሬ ዓመት ገደማ። «ማሽኑ እስኪማር ድረስ አንቺ ትመልሺያለሽ። ሁሉም ስታርትአፕ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ማሽኑ የሚሠራውን መጀመሪያ በእጅህ ሥራው ይሉናል ክፍል ውስጥ።»

«በእጅህ ነው ያሉህ ወይስ በእህትህ?»

«ሙድ አትያዢብኝ። ቀለሜ ስላቸው አንቺን እያሰብኩ ነው ስሙን ያወጣሁት።»

ሚጣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ነገሩም መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ሠላሳ ከምናምን ልጆች፣ አብዛኛው ጥያቄያቸው ከአንድ መጽሐፍ ስለሆነ፣ አንዴ የጻፈችውን እያስቀመጠች ደግማ ትልከዋለች። አዲስ ሲመጣ ብቻ ትሠራለች። ልጆቹ ግን ከሒሳብ ውጭም ይጽፉ ጀመር። «ቀለሜ እኔ ደደብ ነኝ መሰለኝ» የሚል ይመጣል። ለዚያ የተዘጋጀ መልስ አልነበራትም። «ደደብ አይደለህም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቷን ረስተሃት ነው» ብላ ትጽፋለች። ኬብል ይህን ሲያይ ራሱን ይይዛል። ማሽን እንዲህ አይናገርም ይላል።

ምሥጢሩን ከሦስቱ ሌላ የምታውቀው እናታቸው ብቻ ነበረች። ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ማሽኔ ምሳዋን በልታለች?» ትላለች። ወንድሟን ደግሞ «ሥራ አስኪያጁ» ነበር የምትለው። «ሥራ አስኪያጁ፣ ይቺ ማሽንህ ዐይኗ ቀልቷል፤ አንድ ቀን ተቃጥላብህ ታርፈዋለህ» ትለውና ስልኩን ከሚጣ እጅ ወስዳ ፍሪጁ ላይ ትሰቅለዋለች። ከፍሪጁ ላይ ማውረድ ያለ እናታቸው ፈቃድ አይቻልም ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ያለው ሳምንት ሚጣ ላይ እንደ ጭጋግ ነው ያለፈው። ከጎረቤት ወንበር መጣ፤ ሰው ገባ፤ ሰው ወጣ። አባታቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ ሰነበተና፣ በስምንተኛው ቀን ተነሥቶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ማን ይፈርድበታል? አክስታቸው፣ የእናታቸው ታናሽ፣ ለሦስት ቀን ብላ መጥታ ቀረች። ሚጣ ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቹ ሥር ከታዋለች። ወንድሟም አብሪው አላላትም።

ራሷ ስታበራው ያልተመለሱት መልእክቶች ተከመሩባት። «ቀለሜ?» ይላል አንዱ። «ቀለሜ ነገ ፈተና አለኝ።» «ቀለሜ ተበላሸሽ እንዴ?» «እሺ በቃ ተይው።» ሚጣ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ከዚያ ለሁሉም «ይቅርታ፣ አሁን ተመልሻለሁ» ብላ ጽፋላቸው፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች።

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወንድሟ አንድ ዜና ይዞ መጣ። ኢሜይል ሲልክላቸው ከርሞ መልስ የነፈጉት አንድ ድርጅት በመጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቶታል።

አክስታቸው ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችው። «ምንድን ናቸው? አበዳሪዎች ናቸው?»

«አያበድሩም፣ አክስቴ። ገና ለሚጀምር ድርጅት ገንዘብ ይሰጡና ድርሻ ይይዛሉ። ብንከስር አብረው ይከስራሉ፣ ብናድግ አብረውን ያድጋሉ።»

«ሞኞች ናቸው በለኛ።»

«አይደሉም። ለአሥር ድርጅት ሰጥተው ዘጠኙ ቢወድቅባቸው አንዱ ብቻውን ይክሳቸዋል።»

«እና አንተ ከዘጠኙ ነህ ወይስ ከአንዱ?»

ወንድሟ ሳቀ። ከቀብሩ በኋላ ሲስቅ ሚጣ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነበር። ሳቁ ግን ዐይኑ ጋ ሳይደርስ ጠፋ። ክብደቱ ቀንሷል። ዩኒቨርሲቲ ከሄደ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ይህ ገንዘብ ካልተገኘ አፑን መዝጋት ግድ እንደሆነ ለኬብል በስልክ ሲነግረው ሰምታዋለች። ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር ነው። እናቱም ሳታይለት የሄደችው።

ማታ ማታ መስተዋት ፊት ቆሞ የሚናገረውን ያጠናል። «ቀለሜ አትተኛም። ቀለሜ አትታመምም። አስተማሪ ይደክመዋል፣ ቀለሜ ግን አይደክማትም።» ሚጣ በግድግዳው ማዶ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ የአንድ እግሯን ጫማ ሳታወልቅ፣ የአንዲት ልጅ ክፍልፋይ እየሠራች ትሰማዋለች።

በዚያው ሰሞን የሒሳብ አስተማሪዋ የፈተና ወረቀቷን ሲመልሱላት ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። ሠላሳ አንድ ነበር። ከመቶ። «ኀዘን ላይ ስለሆንሽ ሰኞ ማካካሻ እፈትንሻለሁ» አሏት። «ግን እስከዚያ ተኚ፤ አጥኚ አላልኩሽም፤ ተኚ።» ሚጣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከተሳሳተቻቸው ውስጥ አንዱን በዚያው ዕለት ጧት ለአንድ ልጅ በትክክል ሠርታለት ነበር።

የቀጠሮው ዋዜማ ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

«ነገ ከሰዓት አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እኔ ውስጥ እሆናለሁ፣ አንቺ ኮሪደሩ ላይ። የድርጅቱ ኃላፊ ሴትዮ አንድ ሁለት ጥያቄ ፎቶ አንሥታ ትልካለች። አንቺ ፈጠን ብለሽ መመለስ ነው። ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው።»

«ኬብል አይችልም?»

«ኬብል ቁጥር ሲያይ ያልበዋል። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ደክሞኛል እኮ።»

«አውቃለሁ። ይቺን ብቻ። ገንዘቡ ሲገባ ሦስት አስተማሪ እቀጥራለሁ፣ ማሽኑም ይማራል፣ አንቺም ትገላገያለሽ። በቃ ነገን ብቻ፣ በናትሽ።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሰሙት። ስንት ሺ ጊዜ ያለው ቃል ነው። ጨው አቀብዪኝ ሲል እንኳ «በናትሽ» ነበር የሚለው። 

«እሺ» አለች ሚጣ።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ስለማይሠራ በደረጃ ወጡ። ወንድሟ የአባታቸውን ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ በአንድ ቁጥር ስለሚሰፋው በእያንዳንዱ ደረጃ ተረከዙ ይወጣል። የመስተዋቱ በር ጋ ሲደርሱ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። እሱ ገባ። እሷ ውኃ ማጣሪያው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎኗ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ አለ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ።

«ወንድሜን።»

የስብሰባው ክፍል ግድግዳ መስተዋት ሆኖ መካከሉ በነጭ ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ፊት አይታይም። ከታች በኩል ግን እግር ይታያል። ሚጣ የአባቷን ጫማ አየችው። ከጠረጴዛው ሥር አንዱ ጫማ ሌላውን እየረገጠ ነው።

ስልኳ ነዘረ። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉት ጥያቄ ነው። የተዘጋጀ ስላላት ወዲያው ላከችው። ሁለተኛው ስለሁለት የውኃ ቧንቧዎችና ስለአንድ ገንዳ ነበር። አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ያፈሳል። ይህን ራሷ ሠራችው። አልተሳሳተችም። ከውስጥ የወንድሟ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማል። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ግን ከግድግዳው ማዶ ስትሰማው የከረመችው ነው። አትተኛም። አትታመምም።

ሦስተኛው ሲመጣ ፎቶ አልነበረውም። ተጽፎ ነው የመጣው።

«ልጄ ካንቺ ጋር ነው የሚያጠናው። ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ ነሥተሽው ነበር። ምን ሆነሽ ነው?»

ሚጣ ደግማ አነበበችው።  የትኛው ልጅ ነው? ነገ ፈተና አለኝ ያለው ነው? ተይው ያለው ነው?

ለእንዲህ ያለ ጊዜ ኬብል ያዘጋጀው መልስ አለ። አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ ጥያቄውን አልተረዳሁትም። እባክዎ የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ አንሥተው ይላኩ» ይላል። ኬብል ቤቱ ሆኖ መልእክቶቹን እያየ ስለነበር ወዲያው ለእሷ ለብቻዋ ጻፈላት።

«ዝግጁውን ላኪ።»

ቀጥሎም፦ «ወይ ሰርቨር ተበላሽቶ ነበር በይ። ቶሎ በይ።»

ሚጣ «ሰርቨር ተበላሽቶ» ብላ ጻፈች። ቃሉን አየችው። ያ ሳምንት ዐይኗ ላይ መጣ። ከሆስፒታል በፌስታል የመጣው የእናቷ ነጠላ ጫማ። በሩ አጠገብ አስቀምጠውት ለቀናት ማንም ያላነሣው። አባቷ ሳሎኑ ጥግ። በየሰው ጆሮ ሹክ የሚባለው «ልጅቷ በልታለች?» የሚለው ጥያቄ፣ በእናቷ ድምፅ ሳይሆን በሌላ ሰው ድምፅ።

ብትዋሽ የሚቀርባት ነገር የለም ነበር። ወንድሟም ገንዘቡን ሊያገኝ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ያችን አጭር ውሸት ጽፎ ለመጨረስ የሚሆን ጉልበት ከየትም ቢፈለግ ሰውነቷ ውስጥ አልተገኘም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

«እናቴ ሞታ ነበር» ብላ ጻፈች። ላከችው።

ከጠረጴዛው ሥር ሲረጋገጡ የነበሩት ጫማዎች ቆሙ።

«ምን አደረግሽ» ብሎ ጻፈ ኬብል።  ትንሽ ቆይቶ ራሱ «እሺ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ጠፋ።

እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ እየመለሰች ነው። ውኃ ማጣሪያው ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለበት ሰው ይንገራገራል። ስልኩ ነዘረ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«የት ነሽ አሁን?»

«ኮሪደሩ ላይ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ የሰኩ፣ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ የቆሙ ሴትዮ ብቅ አሉ። የድርጅቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። ደንብ ልብሷን አዩ፣ ስልኳን አዩ፣ ፊቷን አዩ።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ» አሉ።

ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነበር። የጻፈችው ሁሉ ትልልቅ ሆኖ በርቷል፤ «እናቴ ሞታ ነበር» የሚለው ከወንድሟ ራስ በላይ ነው። ወንድሟ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ቀና ብሎ አላያትም።

ሴትዮዋ ወንበር ሳቡላት፤ ራሳቸውም ተቀመጡ። 

«ነፍስ ይማር» አሉ ለሁለቱም። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ስለዚያ ሳምንት ስጠይቅህ ሰርቨር ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ» አለ ወንድሟ።

«ለምን?»

«ማሽን ነው ብዬ ስለመጣሁ።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ መልሶ ሰበሰበው። «ሰው ናት ብልዎት ገንዘቡን አይሰጡኝም ብዬ ነው።»

«አልሰጥህም ነበር። ልክ ነህ። ሰው ይደክማል። ነገ ሺ ተማሪ ቢመጣልህ ሺ እህት የለህም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አልሰጥህም።»

ሚጣ ባልታሰበ ሰዓት ሳቋ መጣ። ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። ሴትዮዋ ግን አይተዋታል፤ የሳቸውም አፍ ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ።

«አየህ» አሉ ወንድሟን፣ ድምፃቸው እንደ ደከመው ሰው ዝቅ ብሎ። «እዚህ ክፍል ውስጥ በሳምንት ስንት ልጅ ቁጭ ይላል መሰለህ። ግማሹ ከኋላው አንድ እህት አለችው። ወይ ወንድም፣ ወይ ጓደኛ። አንዳንዱን እደርስበታለሁ፣ አንዳንዱ ያመልጠኛል። ያንተን የደረስኩበት ልጄ ‹ቀለሜ አትቆጣም› ስለሚል ነው። ማሽን አትቆጣም ተብላ አትመሰገንም። ማሽን ምን ሊያስቆጣት?» መነጽራቸውን አውርደው አደረጉት። «ክረምት ላይ ተለማማጅ እንቀበላለን። እናንተን የመሰሉ ልጆች የሚያመጡትን የሚያጠና፣ ሄዶ የሚያይ። ስለ ገበያው የነገርከኝ ጥሩ ነበር፤ አጥንተሃል። ከፈለግህ ጻፍልኝ። ዛሬ አትመልስልኝ፤ ዛሬ የምትለው አይረባህም።»

ወንድሟ ላፕቶፑን ዘጋ። ግድግዳው ጨለመ።

ሲወጡ ሴትዮዋ ሚጣን ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ልጄ ያን ፈተና አልፏል» አሏት። «ትንሽ አለቀሰ፤ ግን አልፏል።» የትኛው ልጅ እንደሆነ ሚጣ አልጠየቀችም።

አራቱን ፎቅ ሲወርዱ የጫማው ኮቴ በየደረጃው ይሰማ ነበር። ውጭ ፀሐዩ በርትቷል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወንድሟ ጫማውን አወለቀ፤ ተረከዙ ተልጦ ካልሲው ላይ ደም ወጥቷል።

«ዝግጁውን መጫን ብቻ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጣት እኮ ነው።»

«ደክሞኝ ነበር አልኩህ።»

ሊቆጣት ፈልጎ እንደነበር ከአገጩ ያስታውቃል። ግን ቁጣውም የሚያነሣው ሰው አጣ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸው።

«አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው» አለ፣ በእጆቹ መካከል። «ሰርቨር። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር እኮ። መብራት ጠፍቶ ነበር ማለት እችል ነበር።»

«እሱ ይሻል ነበር?»

«አይሻልም።»

አንድ አውቶቡስ መጣ፤ የነሱ አልነበረም። ሰው ጭኖ ሄደ።

«ሰኞ ከሰዓት ሌላ ድርጅት ጋ ቀጠሮ አለን» አለ ወንድሟ። «እነሱ ወጣቶች ናቸው። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የላቸውም። ማንም ያን ሳምንት አያነሣውም።»

ሚጣ ማዶ ያለውን የጫማ ሱቅ ታያለች። ባለቤቱ ከመስኮቱ ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አቧራ ይጠርጋል።

«ሰኞ ማካካሻ ፈተና አለኝ» አለች።

«ጧት ነው አይደል እሱ?»

«ጧት ነው። ከሰዓትም አልመጣም።»

ዞሮ አያት። ሚጣ አልዞረችም። ድምፅዋ ውስጥ ኩርፊያ የለም፤ ልመናም የለም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው አድርጋ ነው ያለችው።

«እና ምን ይዤ ልግባ?»

«እኔ እንጃ። ሥራ አስኪያጁ አንተ ነህ።»

ቃሉን ከእናታቸው ወዲህ የተናገረው አልነበረም። ወንድሟ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። ማሰሪያውን ፈትቶ እንደ አዲስ አሰረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

አውቶቡሳቸው ሲመጣ ከኋላ ጎን ለጎን ቦታ አገኙ። ሚጣ ስልኳን አወጣችና ለሁሉም ልጆች የሚደርስ አንድ መልእክት መጻፍ ጀመረች። ማሽን እንዳልሆነች ጻፈች። ተማሪ እንደሆነችና፣ ከዛሬ በኋላ የሒሳብ ጥያቄ በቀለሜ እንደማትመልስ ጻፈች። የተዘጋጁትን መልሶች እንደምትተውላቸው ጻፈች። ለዚያ ሳምንት ይቅርታ ልትል አሰበችና፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር እንዳልነበረ አስባ ተወችው።

ወንድሟ በትከሻዋ በኩል እያነበበ ነው። ስልኩን ይነጥቀኛል ብላ ጠበቀች። ኬብልን ልጠይቅ፣ ትንሽ ቆዪ፣ ለጊዜው ይላል ብላ ጠበቀች። ወንድሟ እጁን ዘርግቶ ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የቀረች ፊደል በጣቱ አሳያት።

ሚጣ ፊደሏን ጨመረችና ላከችው። ከዚያ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። መውረጃቸው ሲደርስ የቀሰቀሳት እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ወንድሟ ለሁለተኛው ድርጅት ደውሎ ቀጠሮውን ሰረዘ። ክረምት ሲገባ እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ተለማማጅ ሆኖ ጀመረ፤ ሲመረቅም ቀጠሩት። ቀለሜ ተዘጋች፤ ኬብል ፎቶ የሚያነበውን ክፍል ብቻ ለብቻው አውጥቶ ሌላ ሥራ ላይ አዋለው። ሚጣ በማካካሻው ፈተና ስልሳ ስምንት አገኘች።